ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፤ አንጎትንና ላስታን ዞሮ ያየው እንግዳ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የአላውሃን ወንዝ እንደ ተሻገረ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። በስተግራው የላስታ ተራሮች እንደ ግንብ ተደርድረው ቆመዋል፤ በስተቀኙ የዞብል ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። ጎብዬ፥ ሮቢት፥ ቆቦ የተባሉት ከተሞች በዚህ ሜዳ ላይ ባንድ ጎዳና ተከታትለው ይገኛሉ። በክረምት መውጫ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ሲታይ ደስ ያሰኛል። ጎሊናንና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞች የሚወርዱት ከምዕራቡ ተራራ ነው። ብዙዎቹ ፈፋዎች በበጋ አሸዋ ብቻ ናቸው፤ ደጋው ላይ ዝናም ሲጥል ግን ቆላው ጠራራ ፀሐይ ሳለ ደራሽ ጎርፍ ይመጣባቸዋል። ይህን ጎርፍ በቦይ እየጠለፉ ማሳ ማጠጣት የአገሩ ገበሬ ከአባቶቹ የተማረው ጥበብ ነው።

በዚህ ጎዳና ዛሬ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ወደ ቆቦ ለንግድ፥ ሌላው ወደ መቀሌ ለጉዳይ ይሄዳል፤ ቆም ብሎ አገሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ግን ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ቄስ በዚሁ አገር በእግሩና በበቅሎው አልፎ፥ ያየውንና የሰማውን ጽፎ ትቶልናል። ይህ ሰው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ጎብዬን በስሟ አልጠራትም። ዛሬ ራያና ቆቦ ከምንለው አገር ብዙው በእርሱ ዘመን በአንጎትና በዶብዓ ስም ይታወቅ ስለ ነበር፥ ስለ ሁለቱም የጻፈው ዛሬም የሚመረመር ነው። የዚህን ሰው ሕይወት ማወቅ በተለይ ለተማሪዎችና ለሥራ ወደየአውራጃው ለሚላኩ ወጣቶች ይጠቅማል ብለን አሰብን። ስለ ጥንቱ ዘመን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከኮይምብራ እስከ ምጽዋ

አልቫሬዝ የተወለደው በ1465 ዓ.ም. ገደማ ኮይምብራ በተባለችው የፖርቱጋል ከተማ ነው። ካህን ሆኖ አድጎ የንጉሥ ማኑኤል ቤተ መንግሥት ቄስ ለመሆን በቃ። ዕድሜው ሃምሳ እስኪሞላ ድረስ ስሙን ከአገሩ ውጭ የሚያስጠራ ነገር አልሠራም። ብዙ ሰው ሥራውን ጨርሶ በሚያርፍበት ዕድሜ የእርሱ ሥራ ገና መጀመሩ ነበር።

የጉዞው ምክንያት ከኢትዮጵያ በኩል የመጣ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 ዓ.ም. ሲነግሡ ገና ልጅ ስለ ነበሩ መንግሥቱን በምክር ይመሩ ከነበሩት አንዷ እቴጌ እሌኒ ነበሩ። እሌኒ ብልህና አርቀው የሚያስቡ ሴት ነበሩ። የቱርክ ኃይል በቀይ ባሕር እየበረታ መሄዱን፥ ፖርቱጋሎችም በመርከብ ህንድ መድረሳቸውን ሰምተው፥ ማቴዎስ የተባለ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። ማቴዎስ በህንድ በኩል ዞሮ፥ በየመንገዱ ሰላይ ነህ እየተባለ ብዙ መከራ ተቀብሎ፥ በ1514 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ። ንጉሥ ማኑኤልም ደስ ብሏቸው በማግሥቱ ዓመት የመልስ መልእክተኞች ሰደዱ። የመልእክተኞቹ አለቃ ዱዋርቴ ጋልቫኦ የተባለ ሽማግሌ ሲሆን፥ ቄስ ሆኖ እንዲከተል የታዘዘው አልቫሬዝ ነበረ።

ይሁን እንጂ መንገዱ አልቀና አለ። በ1517 ዓ.ም. መርከቦቹ ቀይ ባሕር ቢገቡም ኢትዮጵያ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ሽማግሌው ጋልቫኦም ካማራን በተባለችው ደሴት ላይ ሞተ። አልቫሬዝና ማቴዎስ ወደ ህንድ ተመልሰው ሦስት ዓመት ያህል ሲጠብቁ ቆዩ። በመጨረሻ በሚያዝያ ወር 1520 ዓ.ም. የዲዮጎ ሎፔስ ደ ሴኬይራ መርከቦች ምጽዋ አደረሷቸው። ማቴዎስ ግን የኢትዮጵያን ምድር ከረገጠ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደብረ ቢዘን ገዳም ላይ ታሞ ዐረፈ። ዐሥር ዓመት የለፋበትን መልስ ለንጉሠ ነገሥቱ ሳያቀርብ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

አዲሱ የመልእክተኞች አለቃ ሮድሪጎ ደ ሊማ ወጣትና ግልፍተኛ ሰው ነበረ። ከምክትሉ ከዦርዤ ደ አብሬው ጋር ስለ ማዕረግና ስለ ገንዘብ መጨቃጨቅ የጀመሩት ገና መንገድ ላይ ሲሆን፥ ጠቡ በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር እንኳ አላቆመም። በመካከላቸው እየገባ የሚያስታርቅ፥ ለአገሩም ሰው የሚያፍርላቸው ሽማግሌው ቄስ ነበረ። ዛሬ የሁለቱን ስም የሚያነሣው ጥቂት ሰው ሲሆን የቄሱ ስም ግን በየትምህርት ቤቱ ይጠራል። ምክንያቱም ሌሎቹ ሲከራከሩ እርሱ አገሩን ይመለከት ነበር።

በቆላው ጠርዝ

መልእክተኞቹ ከደባርዋ ተነሥተው በትግራይ በኩል ወደ ደቡብ ተጓዙ። ጊዜው ክረምት ስለ ነበር መንገዱ ጭቃ፥ ወንዙም ሙላት ነበረ። ዕቃቸውን የሚሸከመው ሰው በየአገሩ ይለዋወጥ ስለ ነበር ብዙ ቀን ያለ ሥራ እየዋሉ ጠበቁ። አልቫሬዝ ይህን የጥበቃ ቀን በከንቱ አላጠፋውም። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ካለ ሄዶ ያያል፤ ገዳም ካለ መነኮሳቱን ይጠይቃል፤ ገበያ ካለ ምን በምን እንደሚለወጥ ይመለከታል። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከጨው አገር በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ የተገነዘበው በዚህ ዓይነት ነው።

ከትግራይ ወጥተው ወደ አንጎት ሲቃረቡ መንገዱ የደጋውንና የቆላውን ጠርዝ ተከትሎ ሄደ። በምሥራቁ ሜዳ ይኖር የነበረው ዶብዓ የሚባለው ሕዝብ ነው። ከብቱ የሰባና የበዛ፥ ሰዉም ጦረኛ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ነጋዴዎች ብዙ ሆነው ካልተሰባሰቡ በዚያ በኩል አያልፉም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ጃን አሞራ የሚባለውን ጦር በዚያ ጠርዝ አስፍረው ያስጠብቁ ነበር። አልቫሬዝ መንደለይ ስለምትባል የንግድ ከተማም ጽፏል። ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ግብር የሚከፍሉ እስላሞች ሲሆኑ፥ ከሞሮኮ፥ ከቱኒዝ፥ ከካይሮ፥ ከግሪክና ከህንድ የመጡ ነጋዴዎች ይገኙባት ነበር። እንግዲህ ያ አገር በዚያን ጊዜ ከዓለም የተለየ ዳር አገር አልነበረም፤ የጨውና የጨርቅ፥ የወርቅና የከብት መንገድ የሚገናኝበት ስፍራ ነበረ ማለት ነው።

በዚሁ በዶብዓ ጠርዝ መንገደኞቹ አንድ አደጋ አገኛቸው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ቢበረታባቸው ከአንድ ፈፋ ዳር፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፉ። ሰማዩ በላያቸው ጥርት ያለ ነበር፤ ነጎድጓድ ግን ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከእነርሱ አንዱ እየጮኸ ሲያስጠነቅቅ ቀና ቢሉ ጎርፉ ቁመቱ ጦር አክሎ ሲመጣ አዩ። ነፍሳቸውን ለማዳን አንዳንዶቹ ዛፍ ላይ ወጡ፤ ከዕቃቸውም ጎርፉ ወሰደባቸው። ለአውሮፓዊው ቄስ ይህ ያልታሰበ ተአምር ነበረ። በጎብዬና በቆቦ ያደገ ልጅ ግን ታሪኩን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ በክረምት ፈፋ ዳር ማረፍ እንደማይገባ ገና ከብት ሲያግድ ተምሮታልና።

አንጎት ሲደርሱ የአገሩ ገዥ አንጎት ራስ ተቀበላቸው። ግብዣውን አልቫሬዝ በዝርዝር ጽፎታል። እንግዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጥሬ ሥጋ በሐሞት ተለውሶ ቀረበ፤ ጠጁም ያለማቋረጥ ይቀዳ ነበር። የገዥው ሚስት ከመጋረጃ በስተኋላ ሆና ከጠጁ ተካፍላለች። ፖርቱጋሎቹ ጥሬውን ሥጋ መድፈር አቅቷቸው ያመጡትን የበሰለ ምግብ በሉ። አልቫሬዝ ይህን ሲጽፍ እንደ ብዙ መንገደኞች አያፌዝም፤ ያየውን እንዳየው አስፍሮ፥ እርሱ ያልበላውንም እንዳልበላ ተናግሮ ያልፋል። የአንጎት ምድር በአንዱ ማሳ ሲታጨድ በሌላው የሚዘራባት ለም አገር መሆኗም አስደንቆታል።

በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር

በጥቅምት ወር 1520 ዓ.ም. መልእክተኞቹ በሸዋ ሰፍረው ከነበሩት ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ደረሱ። ወዲያው ግን ንጉሠ ነገሥቱን አላዩም። አንድ ወር ያህል መልእክት በሰው በሰው እየተመላለሰ፥ ጥያቄው በጥያቄ ላይ እየተደረበ ከቆየ በኋላ መጋረጃው ተገለጠ። አልቫሬዝ ያያቸው የ23 ዓመት ጎልማሳ፥ መልካቸው ጠይም፥ ቁመታቸው መካከለኛ የሆነ፥ የወርቅና የብር ዘውድ ደፍተው የብር መስቀል የያዙ ንጉሥ ነበሩ።

በዚያ ሰፈር አንድ ያልታሰበ ሰው አገኙ። ይህም ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለ ፖርቱጋላዊ ነው። በ1487 ዓ.ም. ከአገሩ ወጥቶ በካይሮና በህንድ ዞሮ፥ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ርስትና ሚስት ተሰጠው፤ ወደ አገሩ ለመመለስ ግን አልተፈቀደለትም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአገሩን ሰዎች ሲያይ አለቀሰ። የዚህን ደፋር መንገደኛ የሕይወት ታሪክ ዛሬ የምናውቀው አልቫሬዝ ከአፉ ሰምቶ ስለ ጻፈው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ቄሱን ወደዱት። ስለ ሃይማኖት፥ ስለ ቅዱሳን ገድል፥ ስለ ቅዳሴና ስለ ልብሰ ተክህኖ እየጠየቁ ሌሊት ሳይቀር ያስመላልሱት ነበር። አልቫሬዝም የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ይህ ጠባዩ ከአምባሳደሩ ትዕቢት ይልቅ ለአገሩ ክብር ጠቀመ።

በ1521 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በተከበረ ጊዜ አልቫሬዝ በቦታው ነበረ። የጥምቀቱ ገንዳ መሬት ተቆፍሮ የተሠራ ሲሆን፥ በሳንቃ ተለብጦ በሰም የተነከረ ሸማ ተነጥፎበት ነበር። ውኃው ከወንዝ ተጠልፎ፥ በጨርቅ እየተጣራ ይገባ ነበር። ሌሊቱ ውርጭ ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ መምህር የነበሩ አንድ አረጋዊ ቄስ እስከ ትከሻቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው፥ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሕዝቡን ያጠምቁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ፥ ንግሥቲቱና ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ከሁሉ በፊት ተጠመቁ። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ የእንግዳውን ቄስ አሳብ ጠየቁ። አልቫሬዝ ጥምቀት አንዲት ናት ብሎ በእምነቱ መሠረት መለሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሥርዐቱ የተሠራበትን ምክንያት አስረዱት። እንግዳ በአስተናጋጁ ፊት ያመነበትን ተናግሮ፥ አስተናጋጁም ሳይቆጣ መልስ ሰጥቶ በሰላም መለያየታቸው ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው።

ላሊበላን ማየቱ

አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አክሱም ውስጥ ስምንት ወር ያህል ተቀመጠ። ሐውልቶቹንና አምስት ክፍል ያላትን ታላቋን የጽዮን ቤተ ክርስቲያን በዝርዝር ጻፈ። በላስታ ዋሻ ውስጥ የታነጸችውን ይምርሐነ ክርስቶስን አየ። የዐፄ ናዖድን መቃብር የያዘችውን መካነ ሥላሴንም ተመለከተ። ከሁሉ ይልቅ ግን ስሙን ያቆየለት ላሊበላን ማየቱ ነው።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ገብቶ ያየና ስለ እነርሱ የጻፈ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አልቫሬዝ ነው። አጻጻፉ የሠራተኛ አጻጻፍ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ይገባል፤ ምሰሶውን ይቈጥራል፤ ርዝመቱንና ስፋቱን በስንዝርና በርምጃ ይለካል፤ በሩንና መስኮቱን ይመዘግባል። አማኑኤልን፥ መድኃኔ ዓለምን፥ ማርያምን፥ መስቀልን፥ ጎልጎታን፥ መርቆሬዎስን በየስማቸው ይጠራል። ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ታች ጠልቃ ስለ ተፈለፈለችው ስለ ጊዮርጊስ ሲጽፍ፥ በጣሪያዋ ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ ተቀርጾ እንደሚታይ ይናገራል። ዛሬ አንድ ተማሪ የእርሱን ጽሑፍ ይዞ ላሊበላ ቢሄድ አብዛኛውን እንደ ተጻፈው ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ አልቫሬዝ የላሊበላን ነገር ጽፎ ከመጨረሱ በፊት ብዕሩን አቆመ። ያየውን ሁሉ ቢጽፍ አገሩ ሰው ውሸታም ይለኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ፥ ከዚህም የበለጠ እንዳለ ተናግሮ ተወው። የዐለቱ ሥራ ከአንባቢው እምነት በላይ መሆኑን ያወቀ ጸሐፊ ነበረ።

ያየውና የሰማው

ወጣቱ አንባቢ በጥንቃቄ እንዲያስተውል የምንፈልገው ከዚህ የሚከተለውን ነው። በአልቫሬዝ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው በዓይኑ ያየው፥ ሁለተኛው ከሰው የሰማው ነው። የመጀመሪያው አምስት መቶ ዓመት ጸንቶ ቆሟል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ያነክሳል።

ለምሳሌ በላሊበላ ያያቸው ምሶሶዎችና መስኮቶች ትክክል ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱን የሠሯቸው ከውጭ የመጡ ነጮች ናቸው ተብሎ የሰማውን ግን ከነሐሳቡ ተቀብሎ ጻፈ። የኋላ ዘመን ሊቃውንት የሕንጻውን ጥበብ መርምረው፥ የበሩና የመስኮቱ አቀራረጽ ከአክሱም፥ ከደብረ ዳሞና ከይምርሐነ ክርስቶስ ተያይዞ የመጣ የአገር ጥበብ መሆኑን አሳይተዋል። አንድ የሰማው ቃል ግን የሠሪዎቹን ልጆች ከአባቶቻቸው ሥራ የሚነጥል ሆኖ በብዙ የውጭ መጻሕፍት ሲደጋገም ኖረ።

የቆላው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አልቫሬዝ በዶብዓ አገር አልተቀመጠም። ከሽማግሌዎቻቸው አንዱን ቁጭ ብሎ አልጠየቀም፤ የሠርጋቸውንም ዘፈን፥ የለቅሷቸውንም ሙሾ አልሰማም። በፍርሃት ከሚጓዝ ቅፍለት ጋር ጠርዙን ታክኮ አለፈ። ስለዚህ የጻፈው ቅፍለቱ የሚያወራውን ነው። ከእነርሱ አንድ ወንድ ዐሥራ ሁለት ክርስቲያን ካልገደለ ሚስት አያገባም የሚለው ወሬ በመጽሐፉ የገባው እንዲህ ነው። ይህ ጠላት ስለ ጠላት የሚያወራው ወሬ ነው። የዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ግን ሌላ መልክ ያሳያል፤ ንጉሡ ዶብዓን ከወጉ በኋላ ሕዝቡ ገብቶላቸው እንደ ታረቁና የተማረከውን ከብት እንደ መለሱለት ይናገራል። በዘመናት ውስጥ የዶብዓ ስም ጠፍቶ ሌላ ሕዝብ ከነባሩ ጋር ተቀላቅሎ አገሩ ራያ ተባለ። ስለ ቀድሞዎቹ ሰዎች ግን ለዓለም የቀረው ምስክር በአብዛኛው የፈሯቸው ሰዎች ቃል ሆነ።

በጎብዬ ወይም በቆቦ የሰነበተ ሰው ከዚህ የተለየ አገር ያገኛል። እስላሙና ክርስቲያኑ በሠርግና በለቅሶ አብሮ ይቆማል። በነሐሴ አጋማሽ፥ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፥ ልጃገረዶች ተውበው ከበሮ እየመቱ በየቤቱ ይዘፍናሉ። ይህ በዓል በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቆላው ምእመን ከደጋው ጋር ተቀላቅሎ የገናን በዓል ለማክበር ወደ ላሊበላ ተራራውን ይወጣል። ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት የሚያልፍ መንገደኛ አያየውም።

ከጉዞው በኋላ

በሚያዝያ ወር 1526 ዓ.ም. አልቫሬዝና ጓደኞቹ ከምጽዋ ተሳፍረው ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጋ ዘአብ የተባሉትን ሊቅ መልእክተኛ አድርገው አብረው ላኩ። በሐምሌ ወር 1527 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሱ። አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ይዞ በ1533 ዓ.ም. መጀመሪያ ቦሎኛ በተባለችው የኢጣልያ ከተማ ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት ለቀሌምንጦስ 7ኛ አቀረበ። ጸጋ ዘአብ ግን በፖርቱጋል ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ፥ በህንድ አገር፥ ሞቱ።

በዚህ መካከል ኢትዮጵያ በእሳት ውስጥ ነበረች። በ1529 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ድል ሆኑ። ከዚያም ጦርነቱ አገር ላገር ተዛመተ። መካነ ሥላሴ በ1531 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ የአክሱም ጽዮንም በ1535 ዓ.ም. ፈረሰች። የላሊበላ ዐለት ግን ጸንቶ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ በየተራራው ሲንከራተቱ ኖረው በ1540 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝቦን የታተመው በዚያው በ1540 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። ወጣቱን ንጉሥ በዘውዳቸው ያሳየን መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ንጉሡ በስደት ሞተዋል። ምሰሶዋ ተቈጥሮ የተጻፈው የአክሱም ጽዮን ፈርሳለች። ቄሱ አክሱም ላይ ሆኖ ሲለካ፥ የሚለካው ነገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደማይኖር አላወቀም። ቢያውቅ ኖሮ ከዚህ የበለጠ በጻፈ ነበር። ዛሬ ስለ ጥንቷ ጽዮን ሕንጻ የሚጠይቅ ሊቅ ሁሉ የሚሄደው ወደ እርሱ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኢጣልያንኛ፥ በኋላም በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጐመ።

ለሥራ ለሚወጣ ወጣት

ብዙ ወጣቶች በየዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ማያውቁት ወረዳ ይመደባሉ። አንዱ መምህር፥ ሌላው የእርሻ ባለሙያ፥ ሌላው ጸሐፊ ሆኖ ይሄዳል። ብዙውም የመጀመሪያውን ዓመት ዝውውር በመጠየቅ ያሳልፈዋል። ወረዳው የቅጣት ቦታ ይመስለዋል። አልቫሬዝ ግን ከሃምሳ ዓመት ባለፈ ዕድሜው፥ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፥ ባልመረጠው መዘግየት ውስጥ ሆኖ ጠየቀ፤ ለካ፤ ጻፈም።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ደብተርና እርሳስ፥ ትሕትና ያለው አንደበት፥ ሽማግሌን ለመስማት የሚታገሥ ጆሮ ይበቃሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ታቦት መቼ ገባ? መስጊዱን ማን ሠራው? ይህ ቦይ የተቀደደው በማን ዘመን ነው? ሶለል ሲዘፈን የሚባለው ግጥም ትርጕሙ ምንድን ነው? አንበጣ የመጣበት ዓመት፥ ጎርፉ መንደር የወሰደበት ዓመት የትኛው ነው? አልቫሬዝ አንበጣን ሸሽቶ አገር ሲለቅ ያየውን ሕዝብ ጽፎ ስለ ነበር፥ በ2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ በራያ ቆቦ ማሽላ ላይ የወረደው መንጋ የመጀመሪያው እንዳልሆነ እናውቃለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦና በላሊበላ ማለፉም፥ ዛሬ ቆሞ የምናየው ሁሉ ነገ እንደሚቆም ዋስትና እንደሌለ አሳይቶናል።

በደብተሩ ላይ ግን አንድ መሥመር መሰመሩን ወጣቱ አይርሳ። ከመሥመሩ በስተቀኝ ያየውን፥ በስተግራ የሰማውን ይጻፍ፤ ከሰማው አጠገብም ከማን እንደ ሰማ ያመልክት። በተለይም ስለ ቆላው የሚጽፍ ሰው ከደጋው መንገድ ላይ ሆኖ አይጻፍ። ወርዶ፥ ከጎብዬ ጥላ ሥር ተቀምጦ፥ የአገሩን ሰው ከራሱ አፍ ይጠይቀው። አልቫሬዝ ላሊበላ ላይ ያደረገውን በቆላውም አድርጎት ቢሆን ኖሮ፥ የዶብዓ ሰዎች ዛሬ በጠላቶቻቸው ቃል ብቻ ባልታወቁ ነበር። እርሱ ሳይጽፈው የቀረው የዚያ ሜዳ ታሪክ የአሁኑን ወጣት ደብተር ይጠብቃል።